በትርፍ ሰዓት ስለሚሠራ የእጅ ሥራና ስለ አእምሮ ጠይቁኝ

ሰላም የጅማ ልጆች። ለረጅም ዓመታት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በርጩማ እጠርባለሁ። ለጥያቄዎቻችሁ መልሴ ይኸው።

ጋሼ፣ ከሥራ ስገባ ስልክ ላይ ነው የማመሸው። ጭንቅላቴ ደንዝዟል። ከየት ልጀምር?

ልጄ፣ ከማትችለው ነገር ጀምር። የለመድከው ያዝናናሃል እንጂ እንድታስብ አያደርግህም። የእኛ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፤ ሚስማርም ኮላም የለውም። ከአንዱ እግር አብዝተህ ከቀነስክ መልሰህ አትቀጥለውም። ስለዚህ መሮውን ከማሳረፍህ በፊት ታስባለህ። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ቢጎረብጥም አይወዛወዝም። ይህን ስንት ዓመት በጠመኔ አስተምሬዋለሁ፤ በእጄ የገባኝ ግን የመጀመሪያውን በርጩማ መሬት ላይ ሳቆመው ነው።

አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። አሁን አዲስ ነገር መማር ይጠቅማቸዋል?

በደንብ! አሜሪካ ውስጥ በዳላስ ከተማ ተመራማሪዎች ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆናቸውን 221 ሰዎች አጥንተው ነበር። ለሦስት ወር፣ በሳምንት 15 ሰዓት ያህል፣ ዲጂታል ፎቶግራፍ ወይም የጨርቅ ቅጥልጥል ስፌት የተማሩት የማስታወስ ችሎታቸው ተሻሻለ። ቤታቸው ሆነው ሙዚቃ የሰሙትና ቀላል የቃላት ጨዋታ የተጫወቱት ግን ያን ያህል አልተለወጡም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ነገሩ ከበድ ማለት እንዳለበት ነው። አባትሽ የሚያውቁት መንገድ እየጠፋቸው ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ያያቸው። ያ በእጅ ሥራ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

የምኖረው አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ገንዘብም የለኝም።

እርሳስና ደብተር ይበቃሃል። እሁድ ጅሬን ውጣና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት ሳል። አንድ ምሰሶ ብቻ። በሚቀጥለው እሁድ ያንኑ ምሰሶ ድገመው፤ ያላየኸው ነገር ይወጣል።

ጀምሬ እተዋለሁ። ሦስት ጥልፍ ግማሽ ላይ ቀርቶብኛል።

እህቴ፣ ትንሿን መርጠሽ ጨርሺ። ጠረጴዛ ላይ ትደር። ቁም ሳጥን የገባ ሥራ ይረሳል።

እኔም በርጩማ መሞከር እፈልጋለሁ። እንጨቱስ?

እንጨት ቤቶች ሄደህ የዋንዛ ትራፊ ጠይቅ። እርጥቡ ለመጥረብ ይቀላል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ካዋልከው ይሰነጠቃል። የእኔ ሁለተኛው በርጩማ እንደዚያ ሆኖ ነው መሃሉ የተሰነጠቀው። እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ የምትቀመጠው እሱ ላይ ነው።