ቫይረስ ሴልን እንዴት እንደሚገድል ማጥናት ለምትፈልገው የሐዋሳ ተማሪ

«ሐዋሳ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቫይረሶች የበሽታ መከላከያ ሴሎችን እንዴት እንደሚጎዱ መመራመር እፈልጋለሁ፤ ውጭ አገር ካልሄድሽ አይሆንም ይሉኛል። ከምን ልጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽን እህታችን።

የውጭው ጉዳይ ይቆይ። መጀመሪያ እጅሽን ደም አያያዝ አስለምጂው፤ ይህን ሐዋሳ ሆነሽ ትችያለሽ።

ለምን አትዪም? ኤችአይቪን ውሰጂ። ጂፒ120 በተባለ ፕሮቲኑ፣ በበሽታ መከላከያ ሴል ገጽ ላይ ባለው ሲዲ4 በተባለ ተቀባይ ላይ ተጣብቆ፣ እዚያው ካሉት አጋር ተቀባዮች ሲሲአር5 ወይም ሲኤክስሲአር4ን ተጠቅሞ ሴሉ ውስጥ ይገባል። ብዙ ተማሪ «ከዚያ ተባዝቶ ሴሉን ይገድለዋል» ብሎ ይጨርሳል። ይህ ጎደሎ መልስ ነው። በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ የሚሞቱት አብዛኞቹ ሲዲ4 ሴሎች ቫይረሱ የተባዛባቸው አይደሉም። ቫይረሱ ዲኤንኤውን መሥራት ይጀምርና መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ሴሉ ቁርጥራጩን ሲያገኝ ካስፔዝ-1 በተባለ ኢንዛይም ራሱን ያፈነዳል። ከውስጡ የሚፈሰው ደግሞ ሌሎች ሴሎችን ወደዚያው ቦታ ይጠራል፤ እነሱም በተራቸው ይጠቃሉ።

እንግዲህ ይህን ሞት ልትለኪ ስትነሺ፣ ከጤና ጣቢያ በባጃጅ ፀሐይ እየመታው የመጣ ደም ውስጥም የሞቱ ሴሎች ታገኛለሽ። የገደላቸው ቫይረሱ ይሁን መንገዱ ሴል የሚቆጥረው ማሽን አይነግርሽም።

ስለዚህ የበሽታ መከላከያ ሴሎችን ከደም የመለየት ሥራን ደጋግመሽ ሥሪ። ግን ደም ከመንካትሽ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባትሽን ጨርሺ። ሐምራዊ ክዳን ባለው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ቲዩብ የተቀዳ 4 ሚሊ ሊትር ደም በ4 ሚሊ ሊትር ፒቢኤስ (ሴል የማይጎዳ የጨው ውህድ) አቅጥኚ። በ15 ሚሊ ሊትር ቲዩብ ውስጥ 4 ሚሊ ሊትር ፊኮል (ሴሎችን በጥግግታቸው የሚለይ ፈሳሽ፤ ጥግግቱ በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም) አድርጊና ቲዩቡን አዘንብለሽ ደሙን በግድግዳው በኩል ጠብ ጠብ አድርጊው። ፊኮሉ ከፍሪጅ እንደወጣ አይሁን፤ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ (ቲዩብ በሚያሽከረክር ማሽን) በ400 ጂ፣ ማለትም በመሬት ስበት 400 እጥፍ ኃይል፣ ለ30 ደቂቃ ይሽከረከር። ጂ እና ዙር አንድ አይደሉም፤ ራዲየሱ 16 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሴንትሪፊዩጅ 400 ጂ ማለት በደቂቃ 1,500 ዙር ገደማ ነው። ብሬኩን አጥፊው! ድንገት ከቆመ ንብርብሩ ይናወጥና ድካምሽ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። በደንብ ከወጣ ከፕላዝማው ሥር እንደ ስስ ጉም ያለ ነጭ ቀለበት ታያለሽ፤ የምትፈልጊው እሱን ነው። አጥበሽው ትራይፓን ብሉ በተባለ ቀለም ቀብተሽ ቁጠሪ፤ ሰማያዊ የሆኑት የሞቱት ናቸው። ከጤናማ ሰው ትኩስ ደም ከ100 ሴል 95ቱ በሕይወት ካልተገኙ ስህተቱን ፈልጊ።

የመውጫ ፈተናውን ካለፍሽ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማይክሮባዮሎጂ፣ ኢሚዩኖሎጂና ፓራሲቶሎጂ ትምህርት ክፍልን ለማስተርስ ተመልከቺ፤ አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም በዚህ መስክ ይሠራል። ለልምምድ ስታመለክቺ ቀን፣ የደሙን ዕድሜ በሰዓት፣ የሴል ቁጥርና የሞቱትን መቶኛ የጻፍሽበትን ደብተር ቅጂ አያይዢ፤ የተበላሹብሽንም ሙከራዎች ከነምክንያታቸው አትሰርዢ።