ክርስትና ስሙ ለጠፋ ሰው ተዝካር ይወጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር ነው። አያቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። ከማረፏ በፊት እጄን ይዛ «ወንድሜን አደራ» አለችኝ። ታላቅ ወንድሟ አዝማሪ ነበር። እሷ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ከገበያ ወሰዱት። በዚያው ቀረ። መቃብር የለውም፤ ፍትሐትም አልተደረገለትም። ክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው ከዘመድ አጣን፤ የምናውቀው የዓለም ስሙን ብቻ ነው። ተዝካሩን ላወጣ አስቤ ነበር። ወንድሜ ግን «ከ80 ዓመት በላይ የሆነውን ቁስል ምን ያስነካካሻል? ክርስቲያን ይቅር ብሎ ይረሳል» ይለኛል። ደግሞስ አዝማሪ ለነበረ ሰው ይገባል? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አያትሽን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልሽ። አደራዋን ስላልጣልሽው በጣም ደስ ብሎኛል።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። ይቻላል። መቃብሩ አለመታወቁ አያግድሽም። በጦር ሜዳና በስደት ለቀሩ ወገኖች ቤተሰብ ዘግይቶም ቢሆን ጸሎት ያስደርግላቸዋል። የክርስትና ስሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ እንዳለ ንገሪያቸው፤ አትፈሪ። በየዓመቱ ጥር 3 ቀን ስንክሳራችን ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተ ልሔም ሕፃናት ያስባል። 144 ሺህ ናቸው ይላል። ከእነዚህ የአንዱን ስም እንኳ አናውቅም። ቤተ ክርስቲያን ግን ስማቸው አልተገኘም ብላ ቀኑን አልዘለለችውም። በምድር ስማቸው የጠፋውን እርሱ ያውቃቸዋል ብላ ታከብራቸዋለች።

ይህን ስል ግን ፍለጋውን ተዪው ማለቴ አይደለም። አያትሽ የተወለዱበት ቀበሌ ሂጂ። የተጠመቀበት ደብር የትኛው ነው? የክርስትና አባቱ ዘሮች አሉ? ብዙ ጊዜ ክርስትና ስም የሚወጣው ሕፃኑ በተወለደበት ወይም በተጠመቀበት ሰሞን ከሚውለው በዓል ጋር ተያይዞ ነው። አሮጊቶች «የሚካኤል ለት ነው የተወለደው» ይሉሻል። ከዚያ ተነሥተሽ ስሙ ጋ ልትደርሺ ትችያለሽ።

አዝማሪነቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርሽ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ከዚያ በኋላ የተደረገውን ጭፍጨፋ ሁላችንም በየዓመቱ እናስበዋለን። ብዙም የማይወራው ደግሞ በቀጣዩ ወር የሆነው ነው። ግራዚያኒ ጠንቋዮችና በየአገሩ እየዞሩ የሚተርኩ፣ የሚዘፍኑ ሰዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። ለምን መሰለሽ? አዝማሪ በዚያ ዘመን ጋዜጣም ሬዲዮም ነበር። በማሲንቆው የአንዱን አገር ወሬ ለሌላው ያደርሳል። የጀግናን ስም ያነሣል፣ የግፈኛን ስም ያዋርዳል። ያ ሰው ከጠፋ የሞቱት ሰዎች ስም አብሮ ይጠፋል። ታዲያ እንዲህ ላለ ሰው ተዝካር አይገባም ብዬ ልመልስልሽ? ዳዊትም በገና ደርዳሪ ነበር።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ያሳሰበው ቂም ይመስለኛል። ቂም በእርግጥ ኃጢአት ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ እየወገሩት «ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» አለ። ሙሉ በሙሉ ይቅር ብሏቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን እርሱ ይቅር ስላለ መወገሩን አልሸሸገችም። በዓሉን ታከብራለች፤ ማን እንደወገረው፣ የወጋሪዎቹን ልብስ ማን ይጠብቅ እንደነበር ሳይቀር ታነባለች። ልብስ ጠባቂው በኋላ ጳውሎስ ሆነ። ጳውሎስም ያን ቀን አልካደውም፤ ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። ይቅር የምትዪው የሆነውን ነገር አውቀሽ ነው። ካላወቅሽው ምኑን ይቅር ትያለሽ?

የጣሊያን ዘመን ደግሞ መግደል ብቻ አልነበረም። ስም መንጠቅም ነበረበት። ጎንደር ፒያሳ የምናያቸው ፖስታ ቤቱና ሲኒማው የዚያ ጊዜ ሥራ ናቸው። ጎብኚ ፎቶ ያነሣቸዋል፣ ያምራሉም። ከተማው ሲነደፍ ግን የነጩና የሐበሻው ሰፈር ተለይቶ ነው። በ1929 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰር ነበር። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ከእንዲህ ያለ ቤት የተወለደን ልጅ ጣሊያናዊ አባቱ ልጄ ብሎ እንዳይቀበለው በሕግ ተከለከለ። ልጅ አባቱ በሕይወት እያለ የአባቱን ስም ተነጠቀ።

ደብረ ሊባኖስንም አስቢ። ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል ነው። በ1929 ዓ.ም. ለዚያ በዓል የመጡትን መነኮሳትና ምእመናን አፍሰው ወስደው ፈጇቸው። ትእዛዙን የፈጸመው ጄኔራል ማሌቲ ነው። ግራዚያኒ ለሮም የላከው ቁጥር፣ በኋላ የተረሸኑትን ዲያቆናት ጨምሮ፣ 449 ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሁለት ተመራማሪዎች በየመንደሩ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ከ1,400 እስከ 2,000 የሚደርሱ ሰዎች እንደተገደሉ ገመቱ። ልብ በይ፤ ልዩነቱ የተገኘው እንደ አያትሽ ያሉ ሰዎች ስላልረሱ ነው። ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ለሠራው ግፍ አንድም ቀን ችሎት ፊት አልቆመም። ጭራሽ በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። የገዳዩ ስም ድንጋይ ላይ ተጽፎ፣ የአያትሽ ወንድም ስም ከሚያውቁት ሰዎች ጋር አብሮ ሲሞት እንዴት ዝም ይባላል?

አሁን የምጽፈው ከብዶኛል፤ ካልጻፍኩት ግን መልሴ ጎደሎ ነው። መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 21ን አንብቢ። በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረኃብ ሆነ። ዳዊት ቢጠይቅ፣ ሳኦል ገባዖናውያንን ስለ ገደለ ነው ተባለ። ገባዖናውያን እስራኤላውያን አልነበሩም። እንጨት ቆራጭ፣ ውኃ ቀጂ ተብለው የተናቁ ነበሩ። ሳኦል ሞቷል፣ ሕዝቡም ረስቷል። እግዚአብሔር ግን የተናቁትን ሰዎች ደም አስታወሰ። ከዚያ ሰባት የሳኦል ዘሮች ለበቀል ተሰቀሉ። ሪጽፋ የምትባል እናት ከአጨዳ እስከ ዝናም ማቅ ዘርግታ የልጆቿን ሬሳ ከወፍና ከአውሬ ጠበቀች። ዳዊት ይህን ሰምቶ ዐፅማቸውን አስለቅሞ ቀበረ። እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የሰማው ያኔ ነው፤ ሲሰቀሉ ሳይሆን ሲቀበሩ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለው የቤተ እስራኤል መንደር፣ ወለቃ፣ ትዝ ይለኛል። ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን ነበሩ። አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ግንበኛ ነበሩ። በነገሥታቱ ግንቦች ላይ እጃቸው እንዳለበት የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። እኛ ግን ርስት ነፈግናቸው፣ ቡዳ አልናቸው። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ እንስራ ተሸክማ ወደ ሰፈራችን የመጣችን ሴት «ቡዳ!» ብዬ ሮጬባታለሁ። ፊቷን አሁንም አየዋለሁ። ስሟን አላውቅም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲሄዱ በሺዎች የሚቆጠሩ በመንገድና በካምፕ አለቁ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ በአውሮፕላን ሄዱ። ለእነርሱ ፍትሐት አድርጊ አልልሽም፤ እምነታቸው ሌላ ነው። ግን ያን የስድብ ስም ከቤትሽ አስወጪው። ልጆችሽ ወለቃ ሲሄዱ ማን ይኖርበት እንደነበር ንገሪያቸው። ጣሊያን በእኛ ላይ ያደረገውን እያለቀስን እየተናገርን፣ እኛ በጎረቤት ላይ ያደረግነውን ብንሸፍን ጸሎታችን እንዴት ያርጋል?

ተዝካሩን በተመለከተ፣ ብዙ ወጪ አታውጪ። ጸሎቱ ይደረግ፣ ለነዳያን የቻልሽውን አብሊ። ወንድምሽንም ጥሪው፤ ዳቦውን እርሱ ይቁረስ። እዚያው ላይ ስለ አያትሽ ወንድም የምታውቂውን ሁሉ ለልጆቹ ተናገሪ፤ አንቺ ካለፍሽ የሚናገር የለም።

አንድ ነገር ግን ቀረ። በጥያቄሽ «የዓለም ስሙን እናውቃለን» ብለሻል እንጂ ስሙን አልጻፍሽልኝም። አያትሽ ምን ብላ ትጠራው ነበር? ጻፊልኝ። ክርስትና ስሙ እስኪገኝ ድረስ እኔም በጸሎቴ በዚያ ስም እጠራዋለሁ።