ናቹራል ወይስ ሶሻል? ሸሽታችሁ አትምረጡ

ይህን የምጽፈው 10ኛ ክፍልን ለምትጨርሱና ናቹራል ወይስ ሶሻል እያላችሁ ለምትጨነቁ ልጆች ነው።

የእህቴ ልጅ ዓምና ሰኔ ላይ 10ኛ ክፍልን ጨርሳ ቤቴ መጣች። ቡና እየተፈላ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ሶሻል ልገባ ነው» አለችኝ። ለምን አልኳት። «ፊዚክስ አልወድማ!» ሌላ ምክንያት ጠበቅኩ። አልነበራትም። ስለ ጂኦግራፊ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ኢኮኖሚክስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። የምትሸሸውን በደንብ ታውቃለች፤ የምትሄድበትን ግን ጭራሽ አላሰበችበትም።

እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ዝም ብዬ ላልፋት አልቻልኩም። የፊዚክስ ደብተርሽን አምጪ አልኳት።

በሳምንቱ ይዛው መጣች። የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ቀይ ኤክስ ያረፈበት አንድ ጥያቄ አገኘን። ሁለት ሬዚስተሮች አሉ፤ አንዱ 6 ኦም፣ አንዱ 3 ኦም። በፓራለል ተያይዘዋል። ጠቅላላው ስንት ይሆናል? መጀመሪያ ስሌቱን ተዪውና በቃል አስረጂኝ አልኳት። «ከረንቱ ሁለት መንገድ ያገኛል። ዋናው መንገድ ሲዘጋጋ ታክሲዎቹ ግማሾቹ በውስጥ ለውስጥ እንደሚሄዱት ማለት ነው። መንገድ ሲበዛ ማለፍ ይቀላል፣ ስለዚህ ጠቅላላው ሬዚስታንስ ከሁለቱም ያንሳል» አለችኝ። ልክ ናት። እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚያስረዳ ብዙ ሰው አላውቅም። ከዚያ ስሌቱን አየሁት። አንድ ስድስተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ይላል። መልሱ ቦታ ላይ ሁለት ዘጠነኛ ብላ ጽፋለች። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምራው።

ትክክለኛው ድምር አንድ ሁለተኛ ነው። ሲገለበጥ 2 ኦም ይመጣል፤ ከሁለቱም ያንሳል፣ እሷው በአፏ እንዳለችው። ፊዚክሱን ታውቀዋለች ማለት ነው። ያቃታት የክፍልፋይ ድምር ነው። ይሄ ደግሞ የታችኛው ክፍል ትምህርት ነው። ቁጭ ብለን ዓመቱን ወደ ኋላ ቆጠርን። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 5ኛ ክፍል ነበረች። ከዚያ ወደ 6ኛ አለፈች፤ ቀዳዳው እዚያው ቀረ። በዚያ ቀዳዳ ላይ አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ ትምህርት ሲከመርበት ቆየና በመጨረሻ ስሙ «ፊዚክስ አልወድም» ሆነ።

ብዙዎቻችሁ የዚያው ዘመን ልጆች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በጦርነት የተነሳ ከዚያም ለበለጠ ጊዜ ከትምህርት ገበታ ርቃችሁ ቆይታችኋል። ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ግን ያ ቀዳዳ ሳታውቁት የሕይወታችሁን ምርጫ እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱለት። አንድን ትምህርት ጠላሁት ከማለታችሁ በፊት ደብተራችሁን ገልጣችሁ የተሳሳታችሁባቸውን አምስት ጥያቄዎች አውጡ። እያንዳንዱ ላይ የጠፋው ሐሳቡ ነው? ስሌቱ ነው? ወይስ ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ነው ያልገባችሁ? ሐሳቡ ገብቷችሁ ስሌቱ ወይም ቋንቋው ከሆነ ያሰናከላችሁ፣ ትምህርቱን አልጠላችሁትም፤ የሚጠገን ነገር ነው ያላችሁ፣ አንድ ክረምት ደግሞ ብዙ ይጠግናል። ሐሳቡ ራሱ የማይገባችሁ፣ ሲገባችሁም ልባችሁን የማይነካው ከሆነ ግን፣ እሺ፣ እሱን አምናችሁ ተቀበሉት።

የራሴን ልንገራችሁ። በኛ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው 12ኛ ክፍል ላይ ማትሪክ ተፈትኖ ነበር። ሒሳብ በጣም እፈራ ነበር። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲን ትቼ ስድስት ኪሎን የመረጥኩት፣ እዚያ ሒሳብ አይደርስብኝም ብዬ ነው። ኢኮኖሚክስ ገባሁ። ብዙም ሳልቆይ ካልኩለስ መጣ። ቀጥሎ ስታቲስቲክስ፣ ቀጥሎ ኢኮኖሜትሪክስ፣ ኢኮኖሚን በስታቲስቲክስ የሚለካው ትምህርት። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነብኝ። ሌሎቹ ሃይስኩል ላይ የተለማመዱትን እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ መብራት እስኪጠፋ ላይብረሪ እየተቀመጥኩ፣ ለብቻዬ መማር ነበረብኝ። ከባድ ጊዜ ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ ደግሞ የደረሰኝ ሥራ የእርሻ ናሙና ጥናት ሆነ። ኅዳር ላይ፣ ቢቸና አካባቢ፣ የጤፍ ማሳ ውስጥ ቆሜያለሁ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከማሳው ላይ በዕጣ የወጣ ቦታ ይያዝና 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ካሬ በችካልና በገመድ ይከለላል፤ ውስጡ ያለው ጤፍ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ይመዘናል። ችካሎቹን ተክዬ አራቱንም ጎን ለካሁ። ሁሉም 4 ሜትር ናቸው። ጨረስኩ አልኩ። ተቆጣጣሪዬ ሜትሩን ተቀብሎኝ ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ለካውና «5 ሜትር ከ66 ካልመጣ ካሬ አይደለም፤ ንቀለውና እንደገና ትከል» አለኝ። ጎኖቹ እኩል ነበሩ፣ ቅርጹ ግን ተንጋዷል። የተንጋደደ ቅርጽ ደግሞ ስፋቱ ከ16 ካሬ ሜትር ያንሳል፤ ከእሱ የሚወጣው የምርት ቁጥርም ውሸት ይሆናል። የ8ኛ ክፍሉ ፓይታጎረስ በደንብ የገባኝ ያን ቀን፣ እዚያ ማሳ ላይ ነው።

የማሳው ባለቤት ሸበቶ አባት ነበሩ። ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ከዚህች ቁራሽ መሬት ተነስተህ የኔን ማሳ ሁሉ እንዴት ልታውቀው ነው?» አሉኝ። ከ16 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ተኩል ጤፍ ከወጣ፣ በሄክታር ሲሰላ 9 ኩንታል ከ37 ኪሎ ገደማ መሆኑን መናገር አይከብደኝም ነበር። የእሳቸው ጥያቄ ግን ከዚያ ይጠልቃል። ትንሽ ቁራሽ ስለ ሙሉው ማሳ፣ ጥቂት ማሳ ስለ ወረዳው ሁሉ እንዲመሰክር የሚያደርገው ምንድን ነው? ይሄ የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ ነው። ሃይስኩል ላይ የዘለልኩት ምዕራፍ። ፎርሙላውን ከዩኒቨርሲቲ ይዤው ነበር፤ ለእሳቸው በሚገባ አማርኛ መናገር ግን አቃተኝ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ስሄድ ነው «ወጡ በደንብ ከተማሰለ ጨዉን ለማወቅ አንዲት ጭልፋ ትበቃ የለ? ዕጣው ማማሰያችን ነው» ብዬ የመለስኩላቸው። ሳቁና ጠላ አስቀዱልኝ።

እዚያ ማሳ ላይ ሒሳብ ነበረ። የአፈርና የዝናብ ነገር ነበረ፣ ሰው ማነጋገርም ነበረ። ሶሻል የገባ ሰው ሒሳብ አያስፈልገውም፣ ናቹራል የገባ ሰው መጻፍና መናገር አያስፈልገውም የሚሏችሁን አትስሟቸው።

ሸሽቶ መምረጥ ደግሞ የሶሻል ልጆች ብቻ ነገር እንዳይመስላችሁ። ናቹራል ከሚገቡትም ብዙዎች እየሸሹ ነው። የሚሸሹት «ሰነፍ ነው ሶሻል የገባው» መባልን ነው። ይሄ ወሬ ስንት ልጅ እንዳበላሸ ብታውቁ! በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ሲወስን ወሬው ጭራሽ ባሰበት። አገር ኢንጂነር ያስፈልጋታል የሚለው ሐሳብ ክፋት የለውም። ግን በዚያ ጎርፍ ተወስደው ምህንድስና የገቡ፣ ሳይወዱት አምስት ዓመት የተማሩ፣ ተመርቀውም ሥራ ፍለጋ ዓመታት የተንከራተቱ ልጆች በየሰፈራችሁ አሉ። ሂዱና ጠይቋቸው። ሻይ ጋብዟቸውና «11ኛ ክፍል ስትገባ ለምን ናቹራል መረጥክ?» በሏቸው። ከኔ ደብዳቤ ይልቅ የእነሱ መልስ ይጠቅማችኋል።

ወላጅ የተናገረው ሁሉ ስህተት ነው ማለቴም አይደለም። የማሽላ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ በልጅነታቸው ያሰቡት ምህንድስና ነበር። ወደ እርሻ ትምህርት የመሯቸው እናታቸው ናቸው። ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ዓለማያ ኮሌጅ ተማሩ። ድርቅ የሚችል፣ በኋላም አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ስለዚህ አባታችሁ ወይም እናታችሁ «እንዲህ ግባ» ሲሏችሁ ከማኩረፍ ይልቅ «ለምን መሰለዎት?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። መልሳቸው «የጎረቤት ልጅ እዚያ ስለገባ» ከሆነ ያኔ ትነጋገራላችሁ። «አንቺ ከሕፃንነትሽ የተሰበረ ሬዲዮ እየፈታሽ ትገጥሚ ነበር» ካሏችሁ ግን ጆሯችሁን ስጡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አንዳንዴ ሌላ ሰው ነው ቀድሞ የሚያየን።

በዚህ ምርጫ የሚዘጉ በሮች እንዳሉም እወቁ። በመደበኛው ምደባ ሶሻል ተምሮ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ምህንድስና ወይም አርክቴክቸር መግባት አይቻልም። ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ጋዜጠኝነት፣ ሶሲዮሎጂ የምትፈልጉ ደግሞ መንገዳችሁ ሶሻል ነው። ከልባችሁ ሁለቱንም እኩል የምትወዱና መወሰን ያቃታችሁ ካላችሁ የኔ ምክር ናቹራል ነው፤ የሳይንሱ በር አንዴ ከተዘጋ መልሶ ለመክፈት በጣም ይከብዳል። ይሄ ግን ለሚወዱት ብቻ ነው።

«ሶሻል ይቀላል» የሚለውንም እርሱት። ኢንትራንስ ላይ የሚቀመጡበት የትምህርት ዓይነት ስድስት ነው። ከስድስቱ ሦስቱ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ፣ ሁለቱም ጋ አሉ። የሒሳቡ ጥያቄ ቢለያይም ሒሳብነቱ አይቀርም። የነጥባችሁ ግማሽ የትም ብትገቡ ከማታመልጡት ቦታ ነው የሚመጣው ማለት ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ውጤቱን አይታችኋል፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ከተፈተነው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ነው። ከፍ እያለ ነው፣ ተስፋ አለው። ግን ሶሻል ስለገባ ብቻ ያለፈ ልጅ የለም። ከሒሳብ ሸሽቶ ሶሻል የገባ ልጅ እዚያ የሚጠብቀው ገጽ ሙሉ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ነው። ታሪክና ጂኦግራፊ በብዙ ንባብ የሚገቡ ትምህርቶች ናቸው። በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚያቅታችሁ ከሆነ በየቀኑ ሁለት ገጽ ማንበብ ዛሬ ጀምሩ፣ ቃሉን ሁሉ መዝገበ ቃላት ላይ ሳትፈልጉ፣ ዋና ሐሳቡን ብቻ እየያዛችሁ።

የእህቴን ልጅ ነገር ልጨርስላችሁ። ክረምቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍልፋይ ሠራን። ነሐሴ ላይ የፊዚክስ ደብተሯን ለብቻዋ ገልጣ ያንን የሬዚስተር ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ሠራችው። እንግዲህ ናቹራል ትገባለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልገባችም። «አሁን ፊዚክስ አልፈራም ጋሼ፤ ግን ካርታ ነው የምወደው» አለችኝ፣ የሰፈራቸውን ኮረብታ በኮንቱር መስመር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኝ መስመር፣ የሳለችበትን ወረቀት እያሳየችኝ። ሥዕሉን ለመሳል ሦስት ቀን ወጥታ ወርዳለች። ማንም አላዘዛትም። አባቷ ተቆጣ፤ እኔም ሄጄ ወረቀቱን አሳየሁት። ብዙ አልተናገረም። ከቆይታ በኋላ ግን «ይሄ የኛ በር ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ሶሻል ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ትመጣለች፣ ሒሳቡን ስላልተውነው። ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ናቹራል የገባች ጓደኛዋን ይዛ ነው የምትመጣው፤ የእሷም ቀዳዳ እዚያው ክፍልፋይ ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም ሎጋሪዝም ጀምረዋል።