የስታር ትሬክ ኢንሳይክሎፒዲያው ይቅደም ወይስ ተከታታዩ?

ሰላም ወንድሜ፣ አዘዞ ሆነህ የጠየቅከውን አየሁት፣ ዘመድ ከውጭ የላከልህን የስታር ትሬክ (የአሜሪካው የጠፈር ተከታታይ ፊልም) ኢንሳይክሎፒዲያ አንብቤ ልጨርስና ነው ወይስ ዝም ብዬ ማየት ልጀምር ነው ያልከው። እኔም እዚሁ አራዳ ነኝ፣ መጽሐፉም አለኝ ተከታታዩንም ለዓመታት ስከታተል ነው የኖርኩት፣ እና ባክህ ከፊት ጀምረህ እንዳታነበው።

ለምን መሰለህ፣ በፊደል ተራ ነው የተደረደረው፣ አንድ ሰው ብለህ ስትገልጥ ከልደቱ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነው የሚዘረግፍልህ። ኔክስት ጄኔሬሽን የሚባለው ተከታታይ ላይ ያለውን ካፒቴን፣ ፒካርድ ብለህ ብትከፍት የሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ነገር እዛው ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ ያን ደግሞ በስክሪን ሳታየው ማወቅ በጣም ያሳዝናል። ክፍሉን እይ፣ ሲያልቅ ያልገባህን ስም ብቻ ፈልግ። ከየማብራሪያው አጠገብ ከየትኛው ክፍል እንደተወሰደ ተጽፏል፣ የማታውቀው ክፍል ስም ካየህ ዝጋው በቃ።

መብራት ሲጠፋ እጅህ ወደ መጽሐፉ መሄዱ አይቀርም፣ ያኔ የመሣሪያዎቹን ገጽ አንብብ። ዋርፕ ኮር በሚባለው የጠፈር መርከቡ ሞተር ውስጥ ማተርና አንቲማተር (ቁስና ተቃራኒው) ሲገናኙ ዳይሊትየም የሚባለው ክሪስታል እንዴት እንደሚቆጣጠረው ምናምን እሱ ታሪክ አያበላሽብህም። አዘጋጆቹ ማይክልና ዴኒስ ኦኩዳ ናቸው፣ ማይክል የመርከቦቹን የኮምፒውተር ስክሪን ራሱ ዲዛይን ያደረገ ሰው ነው፣ ለዛ ነው እንደዚህ ዓይነት ነገር ላይ የማምነው።

የህትመት ዓመቱን ግን እይ (ሁሉንም በፈረንጅ ነው የምልህ)። የመጀመሪያው የ1994 ነው፣ ቮዬጀር የሚባለው ሌላው ተከታታይ በ1995 ስለጀመረ የሱን ታሪክ እዛ አታገኝም። ክሊንጎን የሚባሉት የሌላ ፕላኔት ፍጡራን ግንባርም እንደዛው፣ በ60ዎቹ ልሙጥ ነበር ከ1979ኙ ሲኒማ ወዲህ አጥንታም ሆነ፣ ምክንያቱ የተነገረው ግን 2005 ላይ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ተከታታይ ውስጥ ነው። የ2016ቱ ባለሁለት ቅጽ ከሆነ የደረሰህ በጣም ጥሩ ነው።

ማየቱን ከኔክስት ጄኔሬሽን ጀምር፣ የ1987ቱ፣ መጀመሪያው ሲዝን ላላ ይላል ታገስ፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ መተኛት ያቅትሃል። በፍላሽ የምንቀባበለው ፋይል መቼም ቁጥሩ የተዘበራረቀ ነው፣ ስለዚህ ካፒቴኑ መግቢያው ላይ ስታርዴት (የታሪኩ የቀን ቁጥር) ብሎ የሚጠራውን አምስት አሃዝ ስማ፣ የመጀመሪያው 4 ነው፣ ቀጣዩ የሲዝኑ ቁጥር ነው፣ 43 ካለ ሦስተኛው ሲዝን ነው፣ 47 ካለ የመጨረሻው ሰባተኛው። ዲፕ ስፔስ ናይን የሚባለው ሌላው ተከታታይ በ46 ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ስድስተኛው ሲዝን ላይ ስትደርስ ጎን ለጎን ልታየው ትችላለህ፣ ቮዬጀር 48 ላይ ይከተላል።

አሁን የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገልጠህ የህትመት ዓመቱን እዚህ ጻፍልኝ፣ እስከ የትኛው ተከታታይ እንደሚሸፍን እነግርሃለሁ።