ከደጀ ሰላሙ የማያልፈው ባለቤቴ

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ባለቤቴ በእግረኛ ጦር 9 ዓመት አገልግሎ ባለፈው ዓመት ወደ ሐዋሳ ተመልሷል። ከመዝመቱ በፊት የቅዱስ ገብርኤልን ኪዳን የማያስታጉል ሰው ነበር፤ አሁን ግን ነጠላውን አጣፍቶ አብሮኝ ይወጣና ቅዳሴው እስኪፈጸም ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስጠይቀው «በዚህ እጄ እንዴት ብዬ እገባለሁ?» ይለኛል። ሌሊት እየባነነ ይነሣል። «ለአገርህ ብለህ ነው፤ ኀጢአት የለብህም» ስለው ጭራሽ ይዘጋኛል። በሌሎች አገሮች ለወታደሩ ካህን ይመደብለታል ሲባል እሰማለሁ፤ የእኔ ባለቤት ማን አለው?

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

ውድ እህቴ፣

ዝምታው አይግረምሽ። የተሸከመውን «የለም» ማለት አያቀልለትም፤ ከኀጢአት መፍታትም የካህን ሥልጣን ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጭንቀት ከጥንት ታውቀዋለች። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ፣ አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ እንዳልቈጠሩት ካስታወሰ በኋላ፣ የገደሉት እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ 3 ዓመት ከቁርባን ብቻ ቢታቀቡ መልካም ሊሆን ይችላል ሲል መክሯል። ከቁርባን ብቻ ማለቱን ልብ በይ፤ ከደጅ ይቁሙ አላለም። ባለቤትሽ በራሱ ላይ የጣለው ቀኖና ከቅዱሱ ምክር የከበደ ነው።

ማን አለው ላልሽው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ነበረ፤ ካህናቱም ከዘማቹ ጋር ውለዋል። ዛሬ ሠራዊቱ የብዙ ሃይማኖት ልጆች ያሉበት ስለሆነና የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ስለለየ፣ የባለቤትሽ ካህን የንስሐ አባቱ ናቸው።

ስለ ሌሎች አገሮች የሰማሽው እውነት ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. የ1949 የጄኔቫ ስምምነት የጦር ካህናትን ከሕክምና ሠራተኞች ጎን አሰልፎ፣ በጠላት እጅ ቢወድቁ እንኳ እንደ ጦር ምርኮኛ እንዳይቈጠሩ ደንግጓል። እናንተም ካህኑንና ሐኪሙን አትነጣጥሏቸው፤ የሌሊቱን መባነን ለአእምሮ ሐኪም ማሳየት እምነት ማጉደል አይደለም።

አሁን የንስሐ አባታችሁን ወደ ቤት ጥሪያቸው፤ ቡናውን አቅርበሽ ሁለቱን ብቻቸውን ተያቸው። በጦር ሜዳ ምን እንዳደረገ ግን አስቀድመሽ አትንገሪያቸው፤ ያ ቃል ከራሱ አፍ መውጣት አለበት። ከአንቺ «ባለቤቴ ከደጅ ቆሞ ያስቀድሳል» የሚለው ይበቃቸዋል።