«አጋሩ ማን ነው?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ

የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብርን፣ ማለትም ሰዎች ኮምፒውተርንና መሰል መሣሪያዎችን እንዴት እንደሚጠቀሙና መሣሪያዎቹ ለሰው እንዲመቹ እንዴት እንደሚነደፉ፣ ለማጥናት ያሰባችሁ ወጣቶች ምክር ስትጠይቁኝ ብዙ ጊዜ የምትጀምሩት «አጋሩ ዩኒቨርሲቲ ማን ነው?» በማለት ነው። ልትማሩበት ያሰባችሁት ኢንስቲትዩት ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በአጋርነት የተቋቋመ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ የላችሁም። አልፈርድባችሁም፤ ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ማኅተም ያረፈበት ዲግሪ በር ያስከፍታል። እኔ ግን በዚህ ሙያ ካረጀሁ ወዲህ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ እዚያ ቤት የምርምሩን ጥያቄ የሚያነሳው ማን ነው?

የማዴራን ነገር ላንሳላችሁ። ማዴራ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ የራሷ አስተዳደር ያላት የፖርቱጋል ደሴት ናት። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ዕድሜ ሲለካ ገና ልጅ ነው። በ2006 የፖርቱጋል መንግሥት በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ከተማ ከሚገኘው ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሰፊ የትምህርትና የምርምር ስምምነት ገባ። ካርኔጊ ሜለን ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም፤ የሰው አእምሮ ችግርን እንዴት እንደሚፈታ በኮምፒውተር ሲመረምሩ የኖሩት፣ በ1975 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግን ሽልማት አብረው የወሰዱት አለን ኒውልና ኸርበርት ሳይመን ያስተማሩበት ቤት ነው። በዚያ ስምምነት ጥላ ሥር በማዴራ የጋራ የማስተርስ ትምህርት ተጀመረ፤ በ2010 ደግሞ በዋና ከተማዋ በፉንሻል የማዴራ የመስተጋብር ቴክኖሎጂዎች ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የወረቀት ታሪክ ነው። የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም ቀላል ነው፤ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። (ከፎቶው ሌላ ምንም ያላፈሩ ስምምነቶችን አይቻለሁ።) እኔን የሚማርከኝ ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው። የማዴራ የኤሌክትሪክ መስመር ከአህጉሩ ጋር አልተያያዘም፤ ደሴቲቱ የምትፈጀውን ኃይል እዚያው ማመንጨት አለባት። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ መብራት እንዴት እንደሚጠቀም ማጥናት ለማዴራ ሰው የቅንጦት ርዕስ አይደለም። የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪዎች በሰዎች ቤት የኃይል ፍጆታን ወዲያው የሚያሳይ ስክሪን አስቀምጠው ረዘም ላለ ጊዜ ተከታተሉ። ጥያቄው የወጣው ከደሴቲቱ ኑሮ ነው። ከፒትስበርግ የተወሰደው የአሠራር ልምድ ነው፤ ተጠቃሚን እንዴት እንደሚመለከቱ፣ ናሙናን (የታሰበውን መሣሪያ የመጀመሪያ የሙከራ ቅጂ) እንዴት ሠርተው እንደሚሞክሩ፣ ውጤቱን እንዴት እንደሚለኩ። ጥሩ አጋርነት የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ውጤቱ ራሱ ትምህርት አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤተሰቦቹ ስክሪኑን ደጋግመው ያዩ ነበር። ውሎ ሲያድር ጉጉታቸው በረደ። ጥናቱ ዓመት እስኪሞላው ሲቀጥል ትኩረታቸው እየቀነሰ መሄዱ በግልጽ ታየ፤ ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ሳይደብቁ ጽፈው አሳተሙ። አስቡት፤ ሁለት ሳምንት ለክተው ቢሄዱ ኖሮ «መሣሪያችን ሠርቷል» ብለው ይጽፉ ነበር። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ላይ ይወደዳል። በአውሮፕላን መጥቶ፣ መረጃ ሰብስቦ፣ በሳምንቱ የሚመለስ ተመራማሪ የሚያየው ያንን የመጀመሪያውን መወደድ ብቻ ነው። ከርሞ የማየት ዕድል ያለው እዚያው የሚኖረው ነው። በጥምር ተቋም ውስጥ የአገሬው ወገን ትልቁ ሀብት ይህ ይመስለኛል፤ በስምምነቱ ላይ ግን ሲጻፍ አላየሁም።

ሀብቱን በርካሽ አትስጡት። «እናንተ መረጃውን ሰብስቡልን፣ ትንተናውን እኛ እንሠራለን» የሚል ክፍፍል ስትሰሙ ጠንቀቅ በሉ። በትሕትና ነው የሚቀርበው፣ ክፍያም ይኖረዋል፣ ሲቪ ላይም ያምራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በእጃችሁ የሚቀረው ቃለ መጠይቅ የማድረግ ልምድ ብቻ ይሆናል፤ መረጃውን መርምሮ ከውስጡ ነገር ማውጣትን ሌላ ሰው ተምሮበታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? የገነነው ስም ለጊዜው ያጌጣችሁበታል እንጂ የእናንተ አይሆንም። ከመመዝገባችሁ በፊት ተቋሙ ያሳተማቸውን ጽሑፎች አውርዱና የደራሲዎቹን ስም ቅደም ተከተል ተመልከቱ። የአገሬው ተማሪዎች ሁልጊዜ መሐል ላይ ከተደረደሩ፣ ወይም ከነጭራሹ በምስጋናው አንቀጽ ውስጥ ብቻ ከተነሱ፣ ነገሩን ከማንም በላይ ያ ዝርዝር ይነግራችኋል። ጥሬ መረጃው የሚቀመጠው የት እንደሆነና ከተመረቃችሁ በኋላ ልታገኙት ትችሉ እንደሆነም ጠይቁ። ጥያቄው ያስቀይም ይሆናል ብላችሁ አትፍሩ፤ የሚቀየም ካለ ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ገንዘቡስ ሲያልቅ? የእንዲህ ያለ ተቋም በጀት አብዛኛውን ጊዜ በዓመታት የተገደበ ነው። የጠራ መልስ የምታገኙት ቋሚ የመምህርነት ቦታ ያላቸው ስንቶቹ እንደሆኑ ስትቆጥሩ ነው። ሁሉም በፕሮጀክት ውል የሚሠሩ ከሆነ፣ አማካሪያችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ሳያነብ ሊሄድ ይችላል። የማዴራው ኢንስቲትዩት መልኩን ቀይሮም ቢሆን ቀጥሏል፤ ዛሬ ሊዝበን ካለው የቴክኒክ ከፍተኛ ተቋም ጋር ተያይዞ፣ በደሴቲቱና በሊዝበን ይሠራል። ሁሉም እንዲህ አይታደልም።

ስለ ሙያው ራሱ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። ዝም ማለትን ተማሩ። የሠራችሁትን ናሙና ለሰው ሰጥታችሁ ሲደናገር ስታዩ፣ እጃችሁ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል፤ አፋችሁ «እዚህ ጋ ተጫነው» ሊል ይከፈታል። ተቆጣጠሩት። የጠቆማችሁት ዕለት ያ ሙከራ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ስለ እናንተ ማስረዳት እንጂ ስለ ናሙናው አይደለም። ሰውየው እየሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ጠይቁት፣ ከዚያ ጻፉ። ፕሮግራም መጻፍ የለመዱ ተማሪዎች ይህ ትዕግሥት ይከብዳቸዋል። ከሥነ ልቦና የመጡት ይሻላሉ፤ እነሱ ደግሞ ናሙና ለመሥራት ይፈራሉ። ስለዚህ የተለያየ ትምህርት ያላቸው ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበትን ተቋም ምረጡ። ኮሪደሩ ማዶ ሆነው በኢሜይል የሚገናኙ ከሆነ ግን አንድ ሕንፃ ውስጥ መሆናቸው ፋይዳ የለውም።

በ5 ሰው መሞከር ይበቃል የሚለውን፣ የድረ ገጽና የሶፍትዌር አጠቃቀም ባለሙያ የሆነውን የያኮብ ኒልሰንን ምክር ትሰሙ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ቦታ አለው። ምክሩ የንድፍን ጉድለት ለማግኘት ነው፤ በ5 ሰው ሞክራችሁ ታስተካክላላችሁ፣ እንደገና በሌሎች ትሞክራላችሁ። ሁለት ንድፎችን በቁጥር አወዳድሮ «ይህ ይፈጥናል» ለማለት 5 ሰው አይበቃም። ይህን ሳይለዩ ኮንፈረንስ ላይ ቀርበው ላብ ያጠመቃቸውን ወጣቶች አውቃለሁ።

የመጨረሻው ምክሬ በጥናቱ የሚሳተፉትን ሰዎች የሚመለከት ነው። ለመሳተፍ መፍቀዳቸውን የሚፈርሙበት የስምምነት ቅጽ ተሳታፊዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ፣ ሕግ ያልተማረ ሰው በሚረዳው አነጋገር መጻፉን አረጋግጡ፤ ከአጋሩ ዩኒቨርሲቲ የመጣውን ቅጽ ቃል በቃል ገልብጦ ማስፈረም የተለመደ ስንፍና ነው። ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱን ይዞ ወደ ተሳታፊዎቹ መመለስ በዕቅዱ ውስጥ መኖሩንም እዩ። ብዙ ጊዜ የለም። ፕሮፖዛሉ ገና በረቂቅ ሳለ በበጀቱ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመርለት ጠይቁ፤ የመጓጓዣና የጥቂት ሰዓታት ወጪ ነው፣ ገምጋሚም አይከራከርበትም። በሩን ከፍተው ዓመት ሙሉ ያስገቧችሁ ሰዎች ስለ ራሳቸው ምን እንደተጻፈ ሊሰሙ ይገባል፤ የተሳሳተ የተረጎማችሁት ነገር ካለም ቀድመው የሚያርሟችሁ እነሱ ናቸው።