ማስታወቂያ በለጠፍኩ ቁጥር ስልኩ አያርፍም

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። ማስታወቂያ ባወጣሁ ቁጥር «ምን አድርጉ ነው የምትዪን?» እያሉ ይደውሉልኛል። ኃላፊዬ ደግሞ አጭር ደብዳቤ ክብር ይጎድለዋል ባይ ናቸው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «የ2017 በጀት ዓመት መጠናቀቁን ተከትሎ ያልተወሰዱ የዓመት ዕረፍቶችን በተመለከተ አስፈላጊው ማጣራት ተደርጎ በወቅቱ ሪፖርት እንዲደረግ በጥብቅ እናሳስባለን።» ምን ይሻለኛል?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ የደወሉልሽ ሰዎች እውነት አላቸው። ማጣራቱን የሚያደርገው ማነው? ሠራተኛው፣ የቅርብ አለቃው ወይስ አንቺ? «እንዲደረግ» ሲባል አድራጊው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። «በወቅቱ» የተባለውንም እያንዳንዱ ለራሱ እንደሚመቸው ይተረጉመዋል። በዚያ ላይ የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሲንዛዛ አንባቢው የሚጠየቀውን ሳያውቅ ግማሽ ገጽ ይጓዛል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የክፍል ኃላፊዎች በሥራችሁ ያለው እያንዳንዱ ሠራተኛ ስንት ቀን ዕረፍት እንደቀረው አባሪው ቅጽ ላይ ሙሉ። ቅጹን እስከ ዓርብ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ለሰው ኃይል ክፍል አስረክቡ።» ከውጭ ድርጅት ጋር የምትጻጻፉ ከሆነ ጁላይ 25 መሆኑንም ጨምሪበት፤ የእኛ 10 ሰዓት ለእነሱ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ነው።

«ጉዳዩ» የሚለውን መስመር አደራ! ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። ገቢና ወጪ ደብዳቤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በጉዳዩ ነው፣ ከዓመት በኋላ ተፈልጎ የሚገኘውም በእሱ ነው። «ዕረፍትን ይመለከታል» የተባለ ደብዳቤ ከሌሎች ደርዘን የዕረፍት ደብዳቤዎች መሀል ተለይቶ አይወጣም። «በ2017 በጀት ዓመት ያልተወሰደ ዕረፍት ስለማሳወቅ» በዪው።

ስለ ክብሩ፣ ኃላፊሽ የሚሉት ከንቱ አይደለም። ማዕረጉን፣ «ከሰላምታ ጋር»ን፣ ግልባጩን በቦታው ተዪው፤ እነሱን ማንም አልነካም። የሚያጥረው መሀሉ ብቻ ነው። ሁለቱን ጽሑፍ አትመሽ ለሌላ ክፍል ሰው አስነብቢ፤ ምን እንደተጠየቀ በራሱ አፍ ይንገርሽ። ከዚያ ያንን ሰው ይዘሽ ኃላፊሽ ቢሮ ግቢ።